ከመቀየር በፊት መለካት፦ የአሮጌ መኪና የሙቀት ሴንሰር እንዴት ይመረመራል?



በዚህ ዓመት የሳይንስና የሙያ ክበባችን ካከናወናቸው ሥራዎች መካከል ከተማሪዎችም ከወላጆችም ብዙ ጥያቄ ያስነሣው የትምህርት ቤታችን የአገልግሎት መኪና ምርመራ ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። እንዲህ ያለች መኪና ናይሮቢ ውስጥ ብርቅ አይደለችም። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው ያገለገለ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ብትከለክልም፣ ቀድሞ የገባው በጥገና እየታገዘ ዛሬም ይሠራል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችንም ይህችን መኪና በደንብ ያውቋታል።

መኪናችን ስትታመም መጀመሪያ የታየችው አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር። የተሰጠው ምክር «የሞተሩ ኮምፒውተርና አራቱም ኢንጄክተሮች ይቀየሩ» የሚል ነው። ዋጋው ሲሰማ የወላጆች ኮሚቴ ደነገጠ፤ ገንዘቡ ሊገኝ የሚችለው ለቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ከተያዘው ነበርና። በዚህ ጊዜ የሁለት ተማሪዎቻችን አባት የሆኑት መካኒክ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ «ከመክፈላችን በፊት እንለካ» አሉ። የፊዚክስ መምህራችንም ሐሳቡን ደግፈው ሥራው ለክበባችን ተሰጠ።

ይህ ጽሑፍ ያን ምርመራ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ከሁሉ በፊት ግን መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ የታመመ መኪና የሚያሳየው ምልክት ነው እንጂ ጥፋተኛውን አይደለም። አንድ ምልክት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል፣ በግምት ዕቃ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በዕጣ ነው።

ምልክቶቹ

መኪናችን ላይ የታዩት ምልክቶች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የቤንዚን ሽታም አለው። ሁለተኛ፣ ነዳጅ ከቀድሞው በግልጽ በሚታይ መጠን ይበዛባታል። ሦስተኛ፣ ጠዋት በደህና ትነሣለች፤ ከሞቀች በኋላ ለአፍታ ጠፍታ እንደገና ስትነሣ ግን ሞተሪኖው ብዙ መዞር አለበት። አራተኛ፣ ሞተሩ ቆሞ የሚዞርበት ፍጥነት፣ መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» የሚሉት፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከፍ እንዳለ ይቀራል።

የጭስ ቀለም ብዙ ይናገራል። ሰማያዊ የሚመስል ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣ ውሃ ወደ ማቃጠያው ክፍል መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ጥቁር ጭስ ግን ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚኑ መብዛቱን ያሳያል። አራቱን ምልክቶች አንድ ላይ ስናያቸው መልእክታቸው አንድ ነው፦ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ነዳጅ እየተሰጠው ነው።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ይገድላል። መኪናዋ የምትቆመው ልጆች ወላጆቻቸውን በሚጠብቁበት በር አጠገብ በመሆኑ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አልነበረም።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል?

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። በካርቡራተር ዘመን ይህን ምጣኔ የሚያስተካክሉት ትናንሽ ቀዳዳዎችና ተንሳፋፊዎች ነበሩ። ኢንጄክተር ባላቸው መኪኖች ላይ ግን መጠኑን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ኢንጄክተሩን ለጥቂት ሺህኛ ሴኮንዶች ከፍቶ ይዘጋዋል፤ ረዘም ካደረገው ነዳጁ ይበዛል፣ ካሳጠረው ያንሳል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከሚረጨው ቤንዚን የተወሰነው ሳይተን በቀዝቃዛው የመግቢያ ቱቦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ጠዋት ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል። ከሰል ስናቀጣጥል መጀመሪያ ጭራሮ እንደምንጨምር፣ ፍሙ ከያዘ በኋላ ግን እንደምንተወው ማለት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሞተሩ መሞቁን በምን ያውቃል? ዓይን የለው፣ እጅ የለው። የሚያምነው የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት የሚነግረውን መልእክተኛ ነው፤ እርሱም የውሃ ሙቀት ሴንሰር ይባላል።

ይህ ሴንሰር ጫፉ ውሃው ውስጥ የሚገባ የነሐስ ብሎን ነው። በውስጡ ከብረታ ብረት ኦክሳይዶች የተሠራ ትንሽ ቁራጭ አለ፤ ቴርሚስተር ይሉታል። የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ የዚህ ቴርሚስተር ግን ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ጠባይ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 በብር ሰልፋይድ ላይ ተመልክቶት ነበር። ለእኛ መኪና ዓይነት ሴንሰር ትክክለኛው ተቃውሞ እንደሚከተለው ነው፦

በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፦ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም
በ40 ዲግሪ፦ ከ900 እስከ 1,300 ኦም
በ60 ዲግሪ፦ ከ400 እስከ 700 ኦም
በ80 ዲግሪ፦ ከ200 እስከ 400 ኦም

ኮምፒውተሩ ተቃውሞውን በቀጥታ አይለካም። 5 ቮልት በአንድ ቋሚ ተቃዋሚ በኩል ወደ ሴንሰሩ ይልካል፤ ከዚያ ሴንሰሩ ላይ የቀረውን ቮልት ያነብባል። ለስሌት እንዲመቸን ቋሚው ተቃዋሚ 2,500 ኦም ነው እንበል። ሴንሰሩ 2,500 ኦም ሲሆን 5 ቮልቱ እኩል ይከፈልና 2.5 ቮልት ይነበባል፤ ይህ ቀዝቃዛ ሞተር ነው። ሴንሰሩ ወደ 300 ኦም ሲወርድ የሚነበበው 0.54 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ይህ የሞቀ ሞተር ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስሌቱን በደብተራችሁ ሞክሩት፤ በክፍል የተማራችሁት የቮልት ክፍፍል ነው።

ሴንሰሩ ከተሳሳተና «ገና ቀዝቃዛ ነን» ብሎ ከቀረ፣ ኮምፒውተሩ በታማኝነት ተጨማሪ ነዳጅ መስጠቱን ይቀጥላል። የኦክስጅን ሴንሰር ባላቸው መኪኖች ላይ እንኳ የእርሱ እርማት አይደርስም፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መሞቁን እስኪያምን ድረስ የኦክስጅን ሴንሰሩን አይሰማውምና። ኮምፒውተሩም ኢንጄክተሮቹም ደህና ሆነው መኪናዋ ግን ትታመማለች።

የሚመሳሰሉ ሦስት ዕቃዎች

አንባብያን ሊጠይቁ ይችላሉ፦ «ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ መሃል ላይ ቆሟል፤ ታዲያ ሴንሰሩ እንዴት ይበላሻል?» መልሱ መርፌው ሌላ መልእክተኛ ያለው መሆኑ ነው። በእንደዚህ ዓይነት መኪኖች ላይ ሙቀት የሚከታተሉ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች አሉ። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ለዳሽቦርዱ መርፌ ይሠራል። ሁለተኛው የራዲያተሩን ማራገቢያ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ሦስተኛው ነው፤ ሶኬቱ ሁለት ሽቦ አለው። ሦስቱም የነሐስ ብሎን ስለሚመስሉ ሱቅ ላይ በቀላሉ ይምታታሉ። መርፌው ትክክል ስለሆነ ብቻ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ሴንሰር ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ምርመራው

አንደኛ ደረጃ፦ መብራቱን መጠየቅ። ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች አንድ ወጥ የምርመራ ሶኬት እንዲኖራቸው ተደርጓል፤ በእነዚህ ላይ በእጅ የሚያዝ ኮድ ማንበቢያ ይሠራል። የእኛዋ ከዚያ ቀደም ባለው አሠራር የተሠራች በመሆኗ ማንበቢያ መሣሪያ አያስፈልጋትም። በኮፈኑ ሥር ክዳን ያለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ። በውስጡ «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ እናገናኛለን። የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ሌላ ቀዳዳ መንካት ጉዳት ስለሚያስከትል ሁለት ጊዜ አይቶ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ከዚያ ሞተሩን ሳናስነሣ ቁልፉን ብቻ እንከፍታለን። የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥራል።

ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል አርፎ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ ኮዱ 22 ነው፤ ይህም የውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። «መስመር» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ኮዱ ሴንሰሩን ብቻ አይከስስም፤ ሽቦውን፣ ሶኬቱንና ኮምፒውተሩንም ይጨምራል። ምንም ኮድ ካልተመዘገበ መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ይላል።

የእኛ መኪና መብራት ያለማቋረጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ አለ። ምንም ኮድ የለም! ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ «እንግዲያው ሴንሰሩ ደህና ነው» አሉ። ጋሼ ግን ኮምፒውተሩ ኮድ የሚመዘግበው መቼ እንደሆነ አስረዱን። ሽቦው ከተበጠሰ የሚነበበው ቮልት ወደ 5 ይጠጋል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ወደ 0 ይወርዳል። እነዚህ በሞተር ላይ ሊሆኑ የማይችሉ ሙቀቶች ስለሆኑ ኮምፒውተሩ «ይህ ውሸት ነው» ብሎ ኮድ ይመዘግባል፣ ለጊዜውም ውሃው 80 ዲግሪ እንደሆነ ቆጥሮ ይሠራል። ሴንሰሩ የተናገረው ሐሰት ግን ሊታመን የሚችል ከሆነ፣ ለምሳሌ 80 ዲግሪውን 33 ዲግሪ ካለው፣ ኮምፒውተሩ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። የመብራቱ ዝምታ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መልእክተኛውን ከመክሰስ በፊት መልእክቱን ማጣራት። ምናልባት ሞተሩ በእውነት ቀዝቃዛ ይሆን? ይህ ሊሆን የሚችለው ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ሲደርቅ ወይም ጭራሹን ሲወጣ ነው። በሞቃት አገር የሚሠሩ አንዳንድ መካኒኮች «እንዳትሞቅ» ብለው ቴርሞስታት ያወጣሉ። ያኔ ውሃው ሳያቋርጥ በራዲያተሩ ስለሚያልፍ ሞተሩ የሚፈለገውን ሙቀት ለመድረስ ይቸገራል፤ ሴንሰሩም እውነቱን «ቀዝቃዛ ነው» ይላል፤ ነዳጁም ይበዛል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሴንሰር መቀየር ፋይዳ የለውም።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እናስነሣና ራዲያተሩን በጥንቃቄ በእጅ እንዳስሳለን፤ ማራገቢያውና ቺንጊያው ግን አይነኩም። ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ራዲያተሩ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ውሃው 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ይከፈትና ራዲያተሩ በአጭር ጊዜ ይሞቃል። በእኛ መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነው። የዳሽቦርዱ መርፌም መሃል ደርሶ ቆመ። ስለዚህ ሞተሩ በእርግጥ ይሞቃል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መንገዱን መፈተሽ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀልን። በውስጡ አረንጓዴ ዝገት አለመኖሩን፣ ሽቦው አለመላጡን አየን። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ከኮምፒውተሩ በሚመጣው ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል በቴስተር ለካን፤ 5 ቮልት ያህል ተነበበ። ሽቦውን ስናወዛውዘውም ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ይህ አንድ መለኪያ ሁለት ነገር ይነግረናል፦ ኮምፒውተሩ ቮልቱን በትክክል ይልካል፤ ሁለቱም ሽቦዎች እስከ ሶኬቱ ድረስ ደህና ናቸው። በዚህ ደረጃ ላይ የኮምፒውተሩ መቀየር ሐሳብ ክብደቱን አጣ።

አራተኛ ደረጃ፦ ሴንሰሩን በድስት መፈተን። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ሴንሰሩን አወጣነው፤ አወጣጡን ወደ ታች እንገልጻለን። ጫፎቹን ከጠረግን በኋላ የነሐሱን አፍንጫ ብቻ ውሃ ውስጥ አስገብተን፣ የሶኬቱን በኩል ደረቅ አድርገን አንጠለጠልነው። አጠገቡ የቤተ ሙከራውን ቴርሞሜትር አኖርን፤ ከሥሩ እሳት ለኮስን። በየደረጃው ሙቀቱ እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ እየጠበቅን መዘገብን። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለ80 ዲግሪው መለኪያ ግን ይበቃል። አዲስ አበባም እንዲሁ ይበቃል። (ድስቱ ከዚያ ወዲያ ለወጥ አይመለስም፤ ለክበቡ ተሰጥቷል።)

የተነበበው እንዲህ ነበር፦

በ22 ዲግሪ፦ 3,500 ኦም
በ40 ዲግሪ፦ 2,250 ኦም
በ60 ዲግሪ፦ 1,730 ኦም
በ80 ዲግሪ፦ 1,450 ኦም

ከላይ ካለው ትክክለኛ መጠን ጋር አነጻጽሩት። በ80 ዲግሪ ቢበዛ 400 ኦም መሆን ሲገባው 1,450 ሆኗል። ጤነኛ ሴንሰር 1,450 ኦም የሚሆነው 33 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚሰማው «ገና 33 ዲግሪ ነን» የሚል ነበር። ጥቁሩ ጭስ፣ የበዛው ነዳጅ፣ ከፍ ያለው ሚኒሞና ሞቃ ስትነሣ የነበረው ችግር በአንድ ቁጥር ተብራሩ። ጠዋት በደህና የምትነሣበትም ምክንያት ግልጽ ሆነ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋልና ያኔ ስሕተቱ ብዙም አይጎዳም።

አዲሱን ዕቃ መግዛት

በናይሮቢ የመኪና መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ወደ ኪሪንያጋ ሮድ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ነባሮቹ ነዋሪዎች በቀድሞ ስሙ ግሮጋን ይሉታል። በዚያ አካባቢ ከትልልቅ ሱቆች ጎን ለጎን በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» የሚባሉት፣ ትርጉሙም «ጠራራ ፀሐይ» የሆነ፣ በአደባባይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። የእጅ ሙያተኛውን «ፉንዲ» ይሉታል። ብዙዎቹ ፉንዲዎች ሙያቸውን የሚያከብሩ ናቸው፤ ገዢው ግን ምን እንደሚፈልግ አውቆ መሄድ አለበት።

እኛ አሮጌውን ሴንሰር በእጃችን ይዘን ሄድን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «የኮሮላ የሙቀት ሴንሰር» ብቻ ብሎ የጠየቀ ሰው ከሦስቱ አንዱ ይሰጠዋል። በእርግጥም መጀመሪያ የቀረበልን አንድ እግር ያለው የመርፌው ነበር። የምንፈልገው ሁለት እግር ያለው፣ የብሎኑ ጥርስ ከአሮጌው ጋር የሚመሳሰል፣ የሶኬቱ ቅርጽ የሚገጥም መሆኑን አሳይተን ትክክለኛውን አገኘን።

አዲስ ማለት ግን ደህና ማለት አይደለም። በታወቀ ስም ካርቶን የተጠቀለለ አስመሳይ ዕቃ በገበያ አለ። ስለዚህ አዲሱንም ከመግጠማችን በፊት በዚያው ድስት፣ በዚያው ቴርሞሜትር ፈተንነው። በ22 ዲግሪ 2,340፣ በ40 ዲግሪ 1,120፣ በ60 ዲግሪ 590፣ በ80 ዲግሪ 310 ኦም ሆነ። ሁሉም በትክክለኛው መጠን ውስጥ ናቸው።

በዚህ ጊዜ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሁለቱን ሴንሰሮች ቁጥር ቀናነሰች። ልዩነቱ 1,160፣ 1,130፣ 1,140፣ 1,140 ሆነ። ሙቀቱ ቢለዋወጥም ልዩነቱ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ይህ ምን ያሳያል? ቴርሚስተሩ ራሱ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር በተርታ አንድ የማይለወጥ 1,140 ኦም ያህል ተቃውሞ ተጨምሯል። ውጪያዊ ጫፎቹ ስለተጠረጉ፣ የተበላሸው በሴንሰሩ ውስጥ ያለ አንድ መገናኛ መሆን አለበት። ሊከፈት የማይችል ዕቃ ውስጥ ያለውን ብልሽት በመቀነስ ስሌት ብቻ ማየት ተቻለ። ሒሳብ የት ይጠቅማል ለሚሉ ወንድሞችና እኅቶች መልሱ ይኸው ነው።

አቀያየሩ

ሥራው ለባለሙያ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት።

1. ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በጭራሽ አይከፈትም። ውስጡ በግፊት የተያዘ ስለሆነ፣ ከመፍያ ነጥቡ በላይ የሞቀው ውሃ ክዳኑ በተነሣበት ቅጽበት ፈልቶ ይፈናጠራል፤ ፊትና ዓይን ያቃጥላል።

2. የተመዘገበ ኮድ ካለ አስቀድሞ ይነበባል። ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ባትሪው መጀመሪያ ከተፈታ ማስረጃው ይጠፋል።

3. ከራዲያተሩ ሥር ጥቂት ውሃ ወደ ንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ መሬት ላይ አይደፋም፤ ሕፃናትና የቤት እንስሳት ሊቀምሱት ይችላሉ።

4. ሶኬቱ የሚነቀለው ማያዣውን ተጭኖ ነው፤ ሽቦውን መጎተት ክልክል ነው። ሴንሰሩ በቴስታታው አጠገብ፣ ውሃው ከሞተሩ በሚወጣበት አካባቢ ይገኛል። በ19 ቁልፍ፣ ቢቻል ጥልቀት ባለው፣ ቀስ ተብሎ ይፈታል።

5. አዲሱ ሴንሰር ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር መጀመሪያ በእጅ ይገባል፤ ከዚያ በ20 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠብቃል። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ይበላዋል።

6. ሶኬቱ «ቀጭ» እስኪል ይገባል፤ ፈሳሹ ይሞላል፤ ባትሪው ይታሰራል። ሞተሩ ተነሥቶ አየሩ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ሴንሰሩ ሥር ፍሳሽ አለመኖሩ ይታያል። ኮድ ተመዝግቦ የነበረ ከሆነና ባትሪው ካልተፈታ፣ የኢ.ኤፍ.አይ. ፊውዝ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተነቅሎ ሲመለስ ይጠፋል።

በእኛ መኪና ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞው በራሱ ወረደ። ጥቁሩ ጭስ ጠፋ። ሾፌራችን ሞቃ ሳለች አምስት ጊዜ አጥፍተው አምስት ጊዜ አስነሡ፤ አምስቱንም ጊዜ ሳታስቸግር ተነሣች። ካንዴላዎቹ ግን በጥቀርሻ ጠቁረው ስለነበር ተጠርገው ተመለሱ። ኮምፒውተሩና ኢንጄክተሮቹ ያው የቀድሞዎቹ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱም ገንዘብ ለመጻሕፍት ዋለ።

ለወላጆች ጥቂት ማሳሰቢያ

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወላጆች ሦስት ነገር እንድትይዙ እንወዳለን። የመጀመሪያው፣ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትጨምሩ። ተራ ውሃ ዝገትና ንጣፍ ያመጣል፤ ንጣፉ ሴንሰሩን እንደ ጋቢ ይሸፍነውና የውሃውን ሙቀት ዘግይቶ እንዲናገር ያደርገዋል። ተስማሚው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ዋጋው ከጥገናው ያንሳል። ሁለተኛው፣ ቴርሞስታት «አያስፈልግም» ቢባሉም አያስወጡት፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ የሚሞቅ ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ። ሦስተኛው፣ «ይህ ዕቃ ይቀየር» ሲባሉ በትሕትና «በምን ለኩት? ስንት ሆነ? ስንት መሆን ነበረበት?» ብለው ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ ቁጥሩን ያሳያል። ለእንዲህ ያለ ባለሙያ የምርመራውን ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዕቃው የሚበልጠው ምርመራው ነውና።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል እንጨምር። በዚህ ሥራ የተጠቀምንባቸው መሣሪያዎች አንድ ቴስተር፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ድስትና አንድ ቁራጭ ሽቦ ናቸው። ዋናው መሣሪያ ግን የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነበር፦ ሞተሩ በእርግጥ ይሞቃል? ሽቦው ደህና ነው? ሴንሰሩ ስንት ይላል? አንዱን ጥያቄ ሳንመልስ ወደ ሌላው አልተሻገርንም። አባቶች «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚሉት ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም። ፍሬንንና የነዳጅ ቱቦን የመሳሰሉ ሥራዎች ግን የሰው ሕይወት የሚያስከፍሉ ስለሆኑ ያለ ባለሙያ እንዳትነኩ አደራ እንላለን።

ጋሼ ሙያቸውንና ሁለት ቅዳሜያቸውን ስለሰጡን ክበባችን ከልብ ያመሰግናቸዋል። የሁለቱ ሴንሰሮች መለኪያ በግራፍ ተሥሎ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የተበላሸው ሴንሰርም ከሥሩ ተንጠልጥሏል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚገቡ የክበቡ አባላት በዚያው ድስት እንደገና ይለኩታል።